«ሞዓባዊ አይግባ» የሚለው ሕግና ሞዓባዊቱ ሩት፦ ሁለቱን እንዴት አብረን እናንብባቸው?

ከታቦር ሥር (ሐዋሳ) ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የተነሣው ግን በቤታችን ሳሎን ውስጥ ስለሆነ መነሻውን ባጭሩ ላስረዳ። ታናሽ ወንድሜ ትዳር ሊመሠርት አስቧል። የእኛ ቤተሰብ ከወሎ መጥቶ ሐዋሳ ከከተመ ከዐርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እጮኛው የሲዳማ ልጅ ናት፤ ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ በአንድ የመዝሙር ክፍል ያገለገሉ ናቸው። ሽማግሌ ስለ መላክ ልንመክር በተሰበሰብንበት ቀን አንድ የሥጋ ዘመዳችን መጽሐፉን ገልጦ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 «አሞናዊና ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ» የሚለውን አነበበና «ከሕዝብህ ውጭ አታግባ ማለት ይህ ነው» ብሎ መጽሐፉን ከደነ። እናቴ አቦሉን እየቀዳች ነበር፤ ከረከቦቱ ላይ ዐይኗን ሳታነሣ «ሩትስ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ቶናው ሲቀርብ ወሬው ወደ ድንኳን ኪራይ ዞሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን ስፍራዎች ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስቸግረኝ በዛ። ሕጉ «እስከ አሥር ትውልድ» ይላል። ከሩት በኋላ ያለውን ብንቆጥር ግን ኢዮቤድ፣ እሴይ፣ ዳዊት ነው፤ ሦስተኛው ትውልድ ንጉሥ ሆኖ በእግዚአብሔር ሕዝብ ላይ ተቀመጠ። ነህምያ በምዕራፍ 13 ይህንኑ ሕግ አስነብቦ ባዕዳን ከእስራኤል እንዲለዩ ሲያደርግ፣ የማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ሩትን በስሟ ጠርቶ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ያስገባታል። እንግዲህ ሞዓብ የተከለከለው በዘሩ ነው ወይስ በሥራው? ሩትስ የገባችው ሕጉ ተሽሮላት ነው፣ ወይስ ሕጉ መጀመሪያውኑ እርሷን አይመለከትም ነበር?

አንድ ልመና አለኝ፤ «ፍቅር ሁሉን ያሸንፋል» የሚል መልስ እባካችሁ አትስጡኝ። ዘመዳችን በጥቅስ የሚናገር ሰው ነው፤ የሚሰማውም በጥቅስ ሲመለስለት ነው።

የቆየ ደቀ መዝሙር መለሰ፦

ወንድማችን፣ ጥያቄውን ስላነሡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘመድዎ ያነበቡት ቁጥር 3ን ነው፤ ቁጥር 4ን ጨምረው ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ሕጉ ሞዓብን ሲያርቅ ምክንያቱን ሳይደብቅ ይናገራል፤ እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በመንገድ ሳሉ እንጀራና ውኃ ይዘው አልተቀበሏቸውም፤ ይባስ ብለው የቢዖርን ልጅ በለዓምን በዋጋ አስመጥተው ሊያስረግሟቸው ሞከሩ። ስለ ደም፣ ስለ መልክ ወይም ስለ ቋንቋ አንድም ቃል የለበትም። እንዲያውም ሞዓብ በዘር ከሄድን ለእስራኤል የቅርብ ሰው ነበር፤ ዘፍጥረት 19 እንደሚተርከው የሞዓብ አባት ሎጥ ነው፤ ሎጥ ደግሞ የአብርሃም የወንድም ልጅ ነው። ስለዚህ ክሱ፣ ዘመዱ ደክሞት በደጁ ሲያልፍ አይቶ በሩን በዘጋ ሰው ላይ የቀረበ ክስ ነው።

ይህን ይዘው መጽሐፈ ሩትን ሲያነቡ፣ ጸሐፊው እነዚያኑ ሁለት ነገሮች፣ እንጀራንና ውኃን፣ መልሶ መላልሶ ሲያነሣቸው ያገኙታል። ታሪኩ የሚጀምረው ቤተ ልሔም ላይ በወደቀ ራብ ነው። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ሲሆን፣ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። የእንጀራው ቤት ባዶ ሆነና አቤሜሌክ ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ወደ ሞዓብ ተሻገረ፤ እንጀራ ነፈገች ተብላ የተከሰሰችው አገር አሥር ዓመት ያህል አበላቻቸው። ወንዶቹ ሦስቱም እዚያው ሞቱ፤ ሦስት መበለቶች ቀሩ፤ ኑኃሚንና ሁለቱ ሞዓባውያት ምራቶቿ ሩትና ዖርፋ።

ሩት ከአማቷ ጋር ቤተ ልሔም ከገባች በኋላ፣ በምዕራፍ 2 ነገሩ ይገለበጣል። የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ለቃርሚያ የመጣችውን ሞዓባዊት ስትጠማ ጐልማሶቹ ከቀዱት ውኃ እንድትጠጣ ይነግራታል፤ በምሳ ሰዓትም ወደ አጫጆቹ አቅርቦ እንጀራዋን በሆምጣጤው እንድታጠቅስ ይጋብዛታል፤ የተጠበሰ እሸትም ያቀብላታል። ሞዓብ ለእስራኤል ያልሰጠውን እስራኤላዊው ለሞዓባዊቱ ሰጠ ማለት ነው። እርሷም በላች፣ ጠገበች፣ አተረፈች፤ የተረፈውን ይዛ ለአማቷ ገባች። በዚያ ቀን የቃረመችው ገብስ ተወቅቶ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ሆኗል፤ ይህ በእኛ ልክ ወደ 22 ሊትር ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ሸክሙን አስቡት፤ ከጠዋት ጀምራ አጎንብሳ የዋለች ሴት ያን ተሸክማ ወደ ከተማ ትወጣለች፣ ቤት ስትደርስም መጀመሪያ የምታወጣው ለአሮጊቷ ያስቀረችላትን ጉርሻ ነው። የሞዓብ ዕዳ በአንዲት ሞዓባዊት እጅ ሲከፈል የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በአማርኛው «ቸርነት» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል «ሔሴድ» ነው፤ ታማኝነትንም፣ ውለታንም፣ ምሕረትንም አንድ ላይ የያዘ ነው። በመጽሐፉ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በ1፥8፣ በ2፥20ና በ3፥10። የመጀመሪያውን ልብ በሉ። ኑኃሚን ሁለቱን ምራቶቿን ስታሰናብት «ለእኔና ለሞቱት እንዳደረጋችሁ» እግዚአብሔር ቸርነት ያድርግላችሁ ትላለች። ሩት «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» ከማለቷ በፊት፣ ዖርፋም ከመመለሷ በፊት፣ የቸርነት ምሳሌ ተደርገው የተጠቀሱት ሁለት የሞዓብ ሴቶች ናቸው፤ እግዚአብሔርም እንደ እነርሱ እንዲያደርግ ይለመናል።

ስለ «ከሕዝብህ ውጭ አታግባ» ደግሞ፣ ጋብቻን በቀጥታ የሚከለክለው ዘዳግም 7 ነው። እርሱም ሰባት ሕዝቦችን በስም ይቆጥራል፤ ሞዓብ ከሰባቱ ውስጥ የለም። ምክንያቱንም ልጆችህን ከአምላክህ አርቀው ሌሎችን አማልክት ያስመልካሉ በሚል ያስቀምጠዋል። ሙሽሮቹ በአንድ መዝሙር ክፍል ካገለገሉ ይህ ምክንያት የሚያርፍበት ቦታ አይታየኝም።

አላሙራ መለሰ፦

ለዘመድዎ ዘኍልቍ 12ን ጨምረው ያንብቡላቸው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን አሙት፤ ለምጽ የወጣባት ግን ሙሽሪት ሳትሆን አሚዋ ነበረች። የእኛ ሰው ይህን ምዕራፍ በኩራት ያነበዋል፤ ወደ ራሱ ሳሎን ሲመለስ ግን ይረሳዋል።

የዕብራይስጥ ተማሪ መለሰ፦

የደቀ መዝሙሩን ማብራሪያ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ለስለስ አድርገው አልፈውታል። እዚያው ዘዳግም ውስጥ፣ በ2፥29፣ በዔር የተቀመጡ ሞዓባውያን ለእስራኤል ምግብና ውኃ በገንዘብ እንደ ሸጡ የሚያመለክት ቃል አለ፤ በ2፥9ም እግዚአብሔር ሙሴን ሞዓብን አታስጨንቅ፣ ዔርን ለሎጥ ልጆች ሰጥቻለሁ ይለዋል። በመሳፍንት 11፥17 ደግሞ የሞዓብ ንጉሥ አላሳልፍም ማለቱ ተጽፏል። የሸጠና ይዞ የተቀበለ አንድ አይደሉም ብለው የሚያስታርቁት አሉ፤ በአገራችንም እንግዳን አብልቶ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ተቀበለ አይባልም። እንዲያም ሆኖ የሞዓብ ስም በኦሪት ውስጥ ወጥ አለመሆኑን ማወቅ ይበጃል፤ በአንዱ ገጽ እንዳይነካ የሚጠበቅ ዘመድ ነው፣ በሌላው ገጽ ደጁ የተዘጋበት ነው።

ወንድማችን «ሕጉ መጀመሪያውኑ እርሷን አይመለከትም ነበር?» ብለው የጠየቁት፣ የአይሁድ ሊቃውንት በትክክል የሰጡት መልስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የተጠናቀረው የቃል ሕጋቸው ስብስብ ሚሽና አሞናዊና ሞዓባዊ ለዘላለም የተከለከሉ መሆናቸውን ተናግሮ፣ ሴቶቻቸው ግን ወዲያውኑ የተፈቀዱ ናቸው ይላል። «ሞዓባዊ» ይላል እንጂ «ሞዓባዊት» አይልም የሚል ንባብ ነው። ሚሽናን የሚተነትነው ታልሙድም ምክንያቱን ሲያብራራ፣ እንጀራና ውኃ ይዞ መንገደኛን ለመቀበል መውጣት የወንድ ልማድ ስለሆነ ሴቶቹ በዚህ አይጠየቁም ይላል። የእርስዎንም ጥያቄ ታልሙድ በሳኦል ዘመን በነበረው በኤዶማዊው በዶይቅ አፍ ውስጥ አስገብቶታል፤ ዶይቅ ዳዊት ከሞዓባዊት ሩት የተወለደ ነውና ወደ ጉባኤው መግባት ይገባዋልን ብሎ ይሟገታል። የዶይቅን ነገር ሳነብ ፈገግ እላለሁ፤ ከሳሹ ራሱ የኤዶም ሰው ነው።

እኔ ይህ ንባብ ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። በአማርኛም እንደሚታወቀው ሕግ በወንድ ጾታ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሴቲቱንም ያጠቃልላል፤ «ሌባ ይቀጣል» የሚል ደንብ ሌባይቱን ነጻ አያወጣም። በዚያ ላይ ዘኍልቍ 25ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በሰጢም ሕዝቡን ወደ ብዔል ፌጎር መሥዋዕት የጠሩት የሞዓብ ሴቶች ናቸው፤ በመቅሠፍቱም 24,000 ሰው አልቋል። ሴቶቹ ከእንጀራው ክስ ነጻ ቢሆኑ እንኳ ከዚህኛው ክስ አያመልጡም። ስለዚህ የሩት መጽሐፍ የሚናገርላት ሴት፣ ስሟ ገና ሲጠራ ሰጢምን የሚያስታውስ ሕዝብ መካከል የገባች ናት። ጸሐፊውም ይህን አይሸፍነውም፤ «ሞዓባዊቱ ሩት» የሚለውን አጠራር አምስት ጊዜ ይጠቀማል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰማው በ4፥10፣ ቦዔዝ በከተማው በር በሽማግሌዎች ፊት ሲመሰክር ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ራሔልና እንደ ልያ ያድርጋት ብለው ከመረቁ በኋላ ቅጽሉ ድጋሚ አይነሣም፤ በ4፥13 «ሩት» ብቻ ናት።

አሁን ወደ አንዲት ግሥ ልምጣ፤ ለእኔ የጥያቄው ማሰሪያ እርሷ ናት። ዖርፋ አማቷን ስማ ስትመለስ ሩት ግን «ተጠጋቻት» የሚለው ቃል በዕብራይስጡ «ዳባቅ» ነው፤ መጣበቅ ማለት ነው። በዘፍጥረት 2፥24 ሰው አባቱንና እናቱን ትቶ ከሚስቱ ጋር ይጣበቃል የተባለው በዚሁ ቃል ነው፤ ቦዔዝም በ2፥11 አባትሽንና እናትሽን ትተሽ መጣሽ እያለ ያንኑ ሐረግ ያስታውሳል። ይኸው «ዳባቅ» በ1ኛ ነገሥት 11፥2 ተመልሶ ይመጣል፤ እዚያ ግን ሰሎሞን ነው በፍቅር የተጣበቀው፣ የሞዓብ ሴቶች ካሉባቸው ከባዕዳን ሚስቶቹ ጋር። በውጤቱም በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ባለው ተራራ ላይ ለሞዓብ አምላክ ለካሞሽ መስገጃ ሠራ። ግሡም አንድ፣ የሞዓብ ስምም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማን ወደ ማን አምላክ ሄደ የሚለው ላይ ነው።

ከርእሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ሞዓባውያን ስለ ራሳቸው የጻፉትም ቀርቶልናል። በ2ኛ ነገሥት 3 የተጠቀሰው ንጉሥ ሞሳ ያስቀረጸው ጥቁር ድንጋይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ዲባን በተባለ ስፍራ፣ ከሙት ባሕር ምሥራቅ ተገኝቶ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። የእስራኤል ንጉሥ ዖምሪ ሞዓብን ያስጨነቀው ካሞሽ በምድሩ ላይ ተቆጥቶ ስለ ነበር ነው ይላል፤ መጽሐፈ መሳፍንትን ለሚያውቅ ሰው አነጋገሩ እንግዳ አይደለም። ቋንቋውም ከዕብራይስጥ ጋር እጅግ የተቀራረበ ስለሆነ፣ ኑኃሚንና ምራቶቿ ለመግባባት ብዙም የተቸገሩ አይመስለኝም። በልሳን ያን ያህል ተቀራርበው በአምላክ የተለያዩ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ቅጥሩን ሠሪ መለሰ፦

እዚህ ያለው ሁሉ ሩትን ሲያሞግስ ነህምያ የክፉ ሰው መልክ እንዳይይዝ እሰጋለሁ። ነህምያ 13ን ከምዕራፍ 6 ጋር አያይዛችሁ አንብቡ። አሞናዊው ጦብያ ቅጥሩ እንዳይሠራ ሲያሴር የነበረ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ በይሁዳ ታላላቆች ቤት በጋብቻ ተሳስሮ ስለ ነበር ብዙዎች ምለውለታል፣ ደብዳቤ ይላላኩታል፣ የነህምያን ቃል እየወሰዱ ይነግሩታል። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ካህኑ ኤልያሴብ የቤተ መቅደሱን የዕቃ ጓዳ ለጦብያ መኖሪያ ሰጥቶት አገኘ፤ ዕቃውንም አንድ በአንድ ወደ ውጭ ጣለ። የኤልያሴብ ልጅ ልጅም የሌላው የቅጥሩ ጠላት የሰንበላጥ አማች ሆኖ ነበር። ከምርኮ የተመለሰ ትንሽ ሕዝብ፣ ቅጥሩ ገና ተሠርቶ ያለቀ ከተማ፣ የጠላት ሰላይ በአማችነት ጓዳ ውስጥ። ሰውየው ዘዳግም 23ን ሲያስነብብ በዐይኑ ፊት የነበረው ይህ ነው። ጥያቄው የታማኝነት ነው፤ ይህ ቤተሰብ ክፉ ቀን ሲመጣ ለማን ያድራል?

ነህምያ ራሱ የጠቀሰው ምሳሌም ሰሎሞን ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ንጉሥ በብዙ አሕዛብ መካከል አልነበረም፣ እርሱን እንኳ ባዕዳን ሴቶች አሳቱት ይላል። የሚገርመው፣ ሩትን አይጠቅስም። መጽሐፉ ከእርሱ በኋላ ስለ ተጻፈ ነው የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ ሊቃውንት እንዲያውም መጽሐፈ ሩት የዕዝራንና የነህምያን ሥርዓት ለመሞገት የተጻፈ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ታሪኩ ከዚያ የቀደመ ነው ይላሉ። እኔ የክርክር መጽሐፍ አድርጌ ማንበብ ይከብደኛል፤ ማንንም የሚሰድብ ቃል አላገኘሁበትም፣ ዖርፋን እንኳ አይወቅስም።

ዝምድናም ቢሆን ሁልጊዜ ሰላም አላመጣም። ዳዊት ሳኦልን ሲሸሽ አባትና እናቱን ለሞዓብ ንጉሥ አደራ ሰጠ፤ የቅድመ አያቱን አገር ማስታወሱ ይሆናል። ከነገሠ በኋላ ግን ሞዓብን ድል አድርጎ ምርኮኞቹን መሬት ላይ አስተኝቶ በገመድ ለካቸው፤ ሁለት ገመድ ለሞት፣ አንድ ገመድ ለሕይወት። በ2ኛ ሳሙኤል 8፥2 ተጽፏል። ይህን የማነሣው «አያቱ ሞዓባዊት ነበረች፣ ስለዚህ ሁሉም ተስተካከለ» የሚል ስብከት ስለማልወድ ነው።

ለወንድማችን ግን ቁርጡን ልናገር፤ ዘመድዎ የነህምያን መሣሪያ ያለ ነህምያ ጠላት አንሥተውታል። ልጅቷ ጦብያ አይደለችም።

የሁለት ቋንቋ እናት መለሰች፦

ልጄ፣ እኔም ሐዋሳ ነኝ፤ ባለቤቴና እኔ የተለያየ ብሔረሰብ ልጆች ነን፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። ስለ ዕብራይስጥ አላውቅም፤ ስለ ነህምያ ግን አንድ ነገር አለኝ። በ13፥24 ከልጆቻቸው እኩሌቶቹ በአዛጦን ቋንቋ ይናገሩ ነበር፣ በአይሁድ ቋንቋ መናገር አያውቁም ነበር ይላል፤ ነህምያም አባቶቻቸውን ተጣላቸው፣ ረገማቸው፣ ጠጉራቸውን ነጨ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የበኩር ልጄ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከአባቷ እናት ጋር በሲዳምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ስትቆጣ ሁለቱን ትቀላቅላለች። ያን ቀን ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በኋላ ግን ነገሩን መርምሬ ያየሁት፣ ነህምያን ያስደነገጠው ልጆቹ ሁለት ቋንቋ ማወቃቸው ሳይሆን የአባታቸውን ጸሎት መስማት አለመቻላቸው ነው። የእኔ ልጆች በሁለቱም ይጸልያሉ።

ሩት ካለችው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ «ሕዝብሽ ሕዝቤ» የሚለው አይደለም፤ ያንንማ በሠርግ ካርድ ላይ ሁሉም ያሳትመዋል። የሚይዘኝ «በምትሞችበት እሞታለሁ፣ በዚያም እቀበራለሁ» የሚለው ነው። በዕድራችን ስንት ሰው አይቻለሁ፤ ሐዋሳ ተወልዶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ ሲሞት አስከሬኑ ሌሊቱን ተጭኖ ወደ አባቱ አገር ይሄዳል። መቃብሩን ከአማቷ አጠገብ የመረጠች ሴት የሰጠችው ትልቅ ነገር ነው፤ ያውም ባሏ ሞቶ፣ ልጅ ሳይኖራት፣ ኑኃሚንም ሌላ ልጅ ልትወልድላት እንደማትችል በግልጽ ነግራት። ምንም የሚያስገድዳት ማሰሪያ አልነበረም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ምዕራፍ 4ን ስታነብ ሩት አንድም ቃል አትናገርም። ስለ እርሻው፣ ስለ ርስቱ፣ ስለ እርሷም የሚነጋገሩት በር ላይ የተቀመጡት ወንዶች ናቸው። የሚመልሱላት ሴቶቹ ናቸው፤ ኢዮቤድ ሲወለድ ለኑኃሚን፣ የምትወድሽ ምራትሽ ከሰባት ወንዶች ልጆች ትሻልሻለች ይሏታል። በዚያ ዘመን ለአንዲት ባዕድ ምራት ይህን መናገር ቀላል አልነበረም። ሽማግሌዎች በሚላኩበት ቀን የልጅቷን ቃል የሚሰማ አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው ይህን የማነሣው።

ከታቦር ሥር (ሐዋሳ) መለሰ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደቀ መዝሙሩ ስለ እንጀራውና ስለ ውኃው የጻፉትን ሳነብ አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት አባታችን ያረፈ ጊዜ፣ ከቀብር መልስ በሦስተኛው ቀን የልጅቷ እናት ከመንደራቸው ሁለት ሴቶችን አስከትላ መጣች፤ ቡርሳሜ (በቅቤ የተሠራ የቆጮ ምግብ) በሻፌታ (በሸክላ ገበታ) ተሸክመው፣ ቅቤው ገና ትኩስ ሆኖ። ጋብቻ የሚባል ወሬ ያኔ አልነበረም፤ ልጆቹ መተዋወቃቸውን እንኳ እናቴ አታውቅም ነበር። ቅጥሩን ሠሪ «ክፉ ቀን ሲመጣ ለማን ያድራል?» ብለው ለጠየቁት የእኛ ቤት መልስ ይህ ነው። ጥቅስ የሚያነበው ዘመዳችንም ያን ቀን ከሻፌታው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጨመረለት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። በ4፥1 ቦዔዝ «አንተ እገሌ» ብሎ የጠራው የቅርብ ዘመድ የአቤሜሌክን እርሻ ሊቤዥ ፈቅዶ ነበር፤ ሞዓባዊቱንም ማግባት እንዳለበት ሲሰማ ርስቴን እንዳላበላሽ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ስሙ ለምን አልተጻፈም? የፈራውስ ምን ነበር?

የዕብራይስጥ ተማሪ መለሰ፦

«እገሌ» የሚለው ትርጉም ትክክል ነው፤ ዕብራይስጡ «ፔሎኒ አልሞኒ» ይላል። በ1ኛ ሳሙኤል 21 እና በ2ኛ ነገሥት 6 ስሙ እንዳይነገር የተፈለገ ስፍራን ለማመልከት ይኸው አነጋገር አለ። ቦዔዝ የዘመዱን ስም ሳያውቅ ቀርቶ አይመስልም፤ ጸሐፊው ነው ያስቀረው። ስለ ፍርሃቱ ብዙዎች የሚሉት፣ ከሩት የሚወለደው ልጅ በሟቹ በመሐሎን ስም ስለሚቆጠር ለእርሻው ያወጣው ገንዘብ ከራሱ ልጆች ርስት ላይ ይጎድላል ብሎ ሰግቷል ነው።

የአይሁድ መምህራን ግን ሌላ ይጨምራሉ። በመጽሐፈ ሩት ላይ በተጻፈው ጥንታዊ ትርጓሜ ሰውየው ፊተኞቹ ባሎች ሞዓባውያቱን አግብተው ሞቱ፣ እኔም ልሙት? ይላል። ትርጓሜውም ሲያክል፣ «ሞዓባዊ እንጂ ሞዓባዊት አልተከለከለችም» የሚለው ፍርድ አስቀድሞ ተሰጥቶ እንደ ነበር ሰውየው አላወቀም ይላል። ሕጉን ያውቃል፤ የሕጉ ትርጓሜ ግን አልደረሰውም።

ከታቦር ሥር (ሐዋሳ) መለሰ፦

የመጨረሻውን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ በሩ ላይ ያ ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚነግረው ጠፋ?» አለች።